መጀመሪያ የነፋሱን ገመድ፦ ሐዋሳ ላይ ነፋስ ሲነሳ ሞተር ጀልባን ማሰር

የጠዋቱና የከሰዓቱ ሐዋሳ ሐይቅ አንድ አይደሉም። ጠዋት አጥማጆች መረባቸውን አንስተው ወደ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሲቀዝፉ ውሃው ረግቶ ይተኛል፤ ያኔ ጀልባን ማቆሚያዋ ውስጥ ማስገባት ለማንም አይከብድም። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ይነሳል፣ ቦታውን ሊሞላ ቀዝቀዝ ያለ አየር ከሐይቁ ይመጣል። ከምሳ በኋላ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ላይ ባርኔጣ የሚያስወልቀው ነፋስ ይህ ነው። ጉማሬ ልናሳይ እንግዳ ይዘን የወጣን ሰዎች የምንመለሰውም በዚሁ ሰዓት ነው።

ይህን የምጽፈው አምስት ስድስት ሜትር የምትሆን የፋይበር ጀልባ፣ ከኋላዋ አንድ ሞተር የተንጠለጠለባት፣ ማቆሚያዋም የእንጨት መድረክና ጥቂት ምሰሶ ለሆነ ሰው ነው። የኔም እንደዚያ ናት፤ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። አዲስ የሚጀምሩ ልጆች መሐል ሐይቅ ላይ መጠምዘዝንና መፍጠንን ይለማመዳሉ፤ የመጨረሻዋን ሃያ ሜትር የሚለማመድ ግን ጥቂት ነው። ጀልባ የሚሰነጠቀውም፣ ጣት የሚጨፈለቀውም እዚያችው ሃያ ሜትር ላይ ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ነፋስ ባለበት ማቆሚያ ውስጥ ጀልባን የሚይዛት ሞተሩ አይደለም፣ የሰው ጉልበትም አይደለም፤ መጀመሪያ የታሰረው ገመድ ነው። መጀመሪያ መታሰር ያለበት ደግሞ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ነው። እኔና ረዳቴ «የነፋሱ ገመድ» እንለዋለን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሱን በሰዓቱ ለማሰር የሚደረግ ዝግጅት ነው።

ነፋሱ ጀልባዋን የሚይዛት ከየት ነው?

የጀልባዋ አፍንጫ ከፍ ያለና ባዶ ነው፤ ውሃ ውስጥ የገባው ክፍሉም ትንሽ ነው። ኋላዋ ግን ሞተሩን፣ ቤንዚኑንና ነጂውን ተሸክሞ ጠልቋል። ስለዚህ ነፋስ ሲመታት ቀድሞ የሚሸሸው አፍንጫዋ ነው። ፍጥነት ስትቀንሱ መሸሹ ይብሳል፤ ዝም ካላችኋት ዞራ ጎኗን ለነፋሱ ትሰጣለች። ለዚህ ነው ሁሉንም መንገደኛ ከኋላ መቀመጫ ላይ ማጎር የማልወደው። አንድ ከበድ ያለ ሰው ከመሐል ትንሽ ወደ ፊት ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ አፍንጫዋ ይረጋል፤ ልዩነቱ መሪው ላይ ወዲያው ይታወቃችኋል።

ሁለተኛው ነገር፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ መሪ ስታዞሩ የሚዞረው ኋላዋ ነው። መሪውን ወደ ግራ ስትሉ ጭራዋ ወደ ቀኝ ትወጣለች። ጠባብ ማቆሚያ ውስጥ የጎረቤትን ጀልባ የሚመታውም ጭራዋ እንጂ አፍንጫዋ አይደለም። የመኪና ልማድ ያለው ሰው ፊቱን ብቻ እያየ ይገባና ከኋላው ጓ ሲል ይደነግጣል።

ሦስተኛው፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሲሆን መሪ የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሞተር የሚመራው ፕሮፔለሩ በሚገፋው ውሃ ነው፤ ግፊቱ ሲቆም መሪው ባዶውን ይዞራል። «ቀስ በል» ማለት «ማርሹን አውጥተህ ተንሳፈፍ» ማለት አይደለም። በነፋስ ውስጥ ቀስ ማለት ማለት ማርሹን በዝቅተኛው ጋዝ ለአፍታ ማስገባት፣ ማውጣት፣ እንደገና ማስገባት ነው። ጋዝ ሳይጨመር፣ በማርሹ ብቻ።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ የከፍታው ነገር አለ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,680 ሜትር ይጠጋል፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተር ጉልበት ያጣል። በግምት ከስድስት አንድ እጅ ይቀንሳል ብላችሁ ያዙ። ሽፋኑ ላይ 15 ተብሎ ቢጻፍም እዚህ የሚያገለግላችሁ ወደ 12 ተኩል ነው። የነፋሱ ስሌት ግን በተቃራኒው ይሄዳል፦ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በጀልባዋ ጎን ላይ የሚያርፈው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ያለ ችግር የገባ ሰው 20 ሲሆንም እንዲሁ እገባለሁ ብሎ ማሰብ የለበትም። ማዕበሉ ጫፍ ላይ ነጭ አረፋ በብዛት መታየት ከጀመረ ነፋሱ 20ን አልፏል።

ከመግባታችሁ በፊት

ዝግጅት የሚደረገው ከማቆሚያው መቶ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሸምበቆውና ከመረቡ ውጪ፣ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው። እዚያ ቆማችሁ መጀመሪያ ነፋሱን አንብቡ። እኔ በማቆሚያዬ የውጪ ምሰሶ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬአለሁ፤ ርካሽ ነው፣ ማንም ሊያደርገው ይገባል። ጨርቅ ከሌለ ምሰሶና ድንጋይ ላይ የቆሙትን ወፎች እዩ፤ ነፋስ ሲበረታ ፊታቸውን ወደሚመጣበት አዙረው ነው የሚቆሙት። መሐል ሐይቅ ላይ የተሰማችሁን ነፋስ ይዛችሁ አትምጡ፤ ዛፍና ሕንፃ ባለበት ዳርቻ አቅጣጫው ይለወጣል። የድንጋይ ግንብ ባለበት ዳርቻ ደግሞ ማዕበሉ ግንቡን መትቶ ስለሚመለስ ውሃው ከሁለት ወገን ይናጣል።

በክረምት ጥቁር ደመና ከወጣ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዝናቡ ፊት የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ድንገተኛ ነው፣ ከየትኛውም አቅጣጫ ይመጣል፣ ከጠዋት ጀምሮ ያያችሁትን ሁሉ ይገለብጠዋል። ያኔ ማቆሚያ ውስጥ ለመግባት አትታገሉ። ከለላ ያለበት ዳርቻ ተጠግታችሁ፣ መልህቅ ጥላችሁ፣ ሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬቱን አጥብቆ ይቆይ። አብዛኛውን ጊዜ ኃይለኛው ክፍል ረጅም አይቆይም።

ነፋሱ ከታወቀ በኋላ ገመድ። አራት ያስፈልጋችኋል፤ ሁለት ለፊት፣ ሁለት ለኋላ። አምስተኛው ሰያፉ ገመድ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። ሁሉም ጀልባዋ ላይ ባሉት የገመድ ማሰሪያ ብረቶች አስቀድመው ይታሰሩ፣ ተጠቅልለው ወለሉ ላይ ይቀመጡ። ጫፉ ውሃ ውስጥ የሚጎተት ገመድ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ያኔ ሞተሩ ቀጥ ይላል፣ ነፋሱ ግን አይቆምም።

ስለ ገመዱ ዓይነት አንድ ነገር ልበል፤ ገበያ ላይ ሁሉም «ናይለን» ይባላል። ቀለል ያለው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው፣ ሰማያዊ ወይም ቢጫ የፕላስቲክ ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ያዳልጣል፣ ቋጠሮ አይይዝም፣ በዚህ ፀሐይም ቶሎ ደርቆ እንደ ገለባ ይሰባበራል። እውነተኛው ናይለን ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሲጎተት ይለጠጣል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። ማዕበል ጀልባዋን በጎተተ ቁጥር ድንጋጤውን የሚውጠው ያ መለጠጥ ነው። ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቢሆንም አንድ ጥሩ ገመድ ከሦስት መናኛ ይሻላል።

በሁለቱም ጎን ያረጀ የሞተር ሳይክል ወይም የባጃጅ ጎማ ይንጠልጠል፤ ጥቁሩ ቀለም እንዳያበላሽ በጆንያ ይጠቅለል። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካንም ያገለግላል። በአንድ ጎን ብቻ አትስቀሉ፤ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ጀልባዋ በየትኛው ጎን እንደምታርፍ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ነጂው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ እጁ ወይም እግሩ ላይ ይታሰር። ሰው ሁሉ ይቀመጥ፣ እጁን ወደ ውስጥ ያስገባ። እንግዶቼን «ገመዱ ታስሯል እስክላችሁ ማንም አይነሳ» እላቸዋለሁ፤ እንደ ትእዛዝ ነው የምለው፣ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

ከረዳት ጋር ቃል ተስማሙ። የኔ ረዳት የአክስቴ ልጅ ነው፤ በመካከላችን ሦስት ቃል ብቻ አለ፦ «አጥልቅ»፣ «አላላ»፣ «ልቀቅ»። እሱ ደግሞ «ጋሼ፣ ይዟል!» ካላለኝ በቀር እንደያዘ አልቆጥርም። ነፋስና ሞተር ባለበት ረጅም ዓረፍተ ነገር አይሰማም።

አገባቡ

ነፋሱ ከማቆሚያው ውስጥ ወደ እናንተ፣ ማለትም ከአፍንጫ ከመጣ ዕድለኛ ናችሁ። ነፋሱ ራሱ ፍሬን ይሆናል። ማርሹን እያስገባችሁ እያወጣችሁ ቀጥ ብላችሁ ግቡ፤ የፊቱን ገመድ አስቀድማችሁ እሰሩ፤ የኋላው ይደርሳል። መጠንቀቅ ያለባችሁ አፍንጫዋ ወደ አንዱ ጎን መሸሽ ስትጀምር ነው፤ ጥቂት ስትሸሽ ካላረማችኋት፣ ኋላ አትመለስም።

ነፋሱ ከጀርባ ሲመጣ ብዙ ሰው ይፈራል፤ መፍራቱም ልክ ነው፣ ምክንያቱም ማቆም ከባድ ነው። ግን አንድ የሚረዳ ጠባይ አለ። ጀልባ በኋላ ማርሽ ስትሄድ ጭራዋ ወደ ነፋሱ መዞር ትወዳለች፤ አፍንጫዋ በነፋሱ ተገፍቶ ወደ ፊት ይቀናል። ስለዚህ ወደ ማቆሚያው አፍ ቀጥ ካላችሁ በኋላ ወደፊት ማርሽ አያስፈልግም። ነፋሱ ያስገባችሁ፤ እናንተ በኋላ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ጋዝ፣ እየያዛችሁ እየለቀቃችሁ አዝግሙ። ረዳቱ ከኋላ ይቀመጥና የውጪውን ምሰሶ ስታልፉ የኋላውን ገመድ ያጥልቅ። እዚህ የነፋሱ ገመድ እሱ ነው። ማዕበሉ በሞተሩ መስቀያ በኩል ዘሎ መግባት ከጀመረ ግን ተዉት፤ ወጥታችሁ ከለላ ያለበት ቦታ ጠብቁ።

ሰው የሚቸገረው በዋናነት በጎን ነፋስ ነው፤ የኔም ዕለታዊ ጉዳይ ይኸው ነው። የማቆሚያዬ አፍ ወደ ሰሜን ይመለከታል፤ የከሰዓቱ ነፋስ ከምዕራብ፣ ከሐይቁ ወገን ይመጣል። ወደ ውስጥ ስገባ ነፋሱ ከቀኜ ነው። መድረኩም በቀኜ ነው፤ በግራዬ የጎረቤቴ ጀልባ ታስራለች። ነፋሱ ከመድረኩ አራቆ ወደ ጎረቤቴ ይገፋኛል ማለት ነው። የምገባው እንዲህ ነው።

ወደ ማቆሚያው መሐል አላነጣጥርም። የማነጣጥረው የመድረኩ ውጪኛ ጫፍ ላይ ወዳለው ምሰሶ፣ እንዲያውም ትንሽ ከእሱ ወደ ነፋሱ ወገን ነው። ከሩቅ ሲያዩት ምሰሶውን ልመታ የመጣሁ ይመስላል። ግን በየሜትሩ ነፋሱ ወደ ግራ ስለሚያንሸራትተኝ ምሰሶው አጠገብ ስደርስ በትክክለኛው ቦታ እገኛለሁ። መሐሉን እያየ የመጣ ሰው በዚያ ሰዓት ጎረቤቱ ላይ ነው።

ረዳቴ አፍንጫዋ ላይ አይቆምም፤ ከወገቧ ትንሽ ወደ ፊት፣ በቀኝ በኩል ተቀምጧል። በእጁ ያለው ሰያፉ ገመድ ነው። አንዱ ጫፍ አጠገቡ ባለው የጀልባዋ ብረት ላይ ታስሯል፤ ሌላው ጫፍ ላይ የማይጠብቅ፣ ራስ የሚያስገባ ሰፊ ዘለበት አለ። ምሰሶው ጎኑ ሲደርስ ዘለበቱን ያጠልቅበታል። አይወረውርም፣ አይዘልም፤ ያጠልቃል። ርዝመቱን አስቀድሜ ስለለካሁት ጀልባዋ ወደ ውስጥ ስትገባ ገመዱ ከምሰሶው ወደ ፊት በሰያፍ ይወጠርና አፍንጫዋ ከመድረኩ መጨረሻ አንድ ሜትር ሲቀራት ያስቆማታል። መለኪያው ገመዱ ላይ የጠቀለልኩት ቀይ ክር ነው።

አሁን ሰው የማይጠብቀውን አደርጋለሁ። ማርሹን ወደፊት እንዳለ፣ በዝቅተኛው ጋዝ እተወዋለሁ፤ መሪውን ደግሞ ከመድረኩ ወደ ተቃራኒው፣ ወደ ግራ አዞራለሁ። ጀልባዋ ወደፊት መሄድ ትፈልጋለች፣ ገመዱ አይለቃትም፤ ጭራዋ ወደ ቀኝ ትገፋለች። በዚህ መሐል ሙሉ ጎኗ መድረኩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ነፋሱ እየገፋም። አፍንጫዋ ከመድረኩ ከራቀ መሪውን ትንሽ ወደ መሐል እመልሳለሁ። መሪ ሳይሆን የሞተሩን እጀታ የሚይዝ ሰው እጀታውን ወደ መድረኩ መግፋት አለበት፤ ውጤቱ አንድ ነው። በዚህ ሁኔታ ሞተሩ እየሠራ የፊቱንና የኋላውን ገመድ ያለ ጥድፊያ ማሰር ይቻላል። ብቻውን ጀልባ የሚነዳ ሰው ከዚህ የተሻለ መላ የለውም።

ነፋሱ በተቃራኒው ወደ መድረኩ የሚገፋ ከሆነ አገባቡ ቀላል ነው፤ ጎማዎቹን አብዙና አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ከመድረኩ ጋር ትይዩ ቁሙ። ቀሪውን ነፋሱ ያደርሳችኋል። ያም ሆኖ ስትወጡ ስለምትቸገሩ ቀድማችሁ አስቡበት።

መመለስ

ከመግባታችሁ በፊት የመመለሻ ምልክት ይኑራችሁ። የኔ ምልክት አንድ የጀልባ ርዝመት ነው፦ ከውጪው ምሰሶ በዚያ ርቀት ላይ ሆኜ አፍንጫዋ እኔ በፈለግኩት መስመር ላይ ካልሆነች፣ በኋላ ማርሽ አወጣታለሁና ዞሬ እመጣለሁ። ዳርቻ ላይ የሚያዩ ሰዎች አሉ፣ እንግዳም ይኖራል፤ ማንም የፈለገውን ይበል። ሦስት ጊዜ ዞሮ የገባ ነጂ ጎበዝ ነጂ ነው። ስትዞሩ ወደ ሸምበቆው አትጠጉ፤ ወደ ማምሻው ጉማሬ ሊኖር ይችላል፣ አጥማጆችም ለሌሊት መረብ ዘርግተው ይሆናል።

የተበላሸን አገባብ በእጅና በእግር ለማዳን መሞከር ግን ክልክል ነው። አራት ሰው የጫነች ባለ ሞተር ጀልባ ከግማሽ ቶን በላይ ትመዝናለች። በእሷና በምሰሶው መካከል የገባ እግር አያቆማትም። ጎማው የተሰቀለው ለዚያ ነው፤ እሱ ይጋጭ። ረዳት ገመድ ይዞ ከጀልባ ወደ መድረክ ሲዘል ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰነጠቃል፤ እርጥብ እንጨት ላይ አንሸራቶት ቢወድቅ የሚወድቀው በጀልባውና በመድረኩ መሐል፣ ፕሮፔለሩ አጠገብ ነው። የሚጎተት ገመድ እጅ ላይ መጠቅለልም እንዲሁ። ክብደቱን ምሰሶው ይያዘው፦ ገመዱን አንድ ሙሉ ዙር አዙሩበት፣ ጫፉን ብቻ በእጃችሁ ያዙ።

ቋጠሮ፣ ሌሊት፣ መውጣት

ሁለት ቀንድ ባለው የመድረክ ብረት ላይ፣ መጀመሪያ ከሥሩ አንድ ሙሉ ዙር፣ ከዚያ በቀንዶቹ ላይ እንደ 8 ቁጥር አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻም ጫፉን ገልብጦ መቆለፍ። አሥር ጊዜ የሚጠቀልል ሰው አለ፤ ጥንካሬ አይጨምርም፣ በጭንቅ ሰዓት ግን አይፈታም። ምሰሶ ላይ ሁለት ሙሉ ዙርና ሁለት ግማሽ ቋጠሮ ይበቃል።

ለሌሊት የፊትና የኋላው ገመድ ሁሉ ትንሽ ልል ይሁን። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ያመጣለትን እያጠራቀመ ከክረምት በኋላ ከፍ ይላል፣ በበጋ ይቀንሳል። በመስከረም ልክ የነበረ ገመድ በየካቲት ልክ አይሆንም። ዕለት ዕለት ደግሞ ማዕበሉ አለ፤ የተወጠረ ገመድ ብረቱን ከፋይበሩ ይነቅላል። ወደ ፊት እንዳትሄድ የሚይዛት ሰያፉ ነው፤ እሱ ጠበቅ ይበል። ገመዱ የመድረኩን ጠርዝ በሚነካበት ቦታ የውሃ ቱቦ ቁራጭ ሰንጥቃችሁ አልብሱት፤ አለዚያ በአንድ ነፋሻ ሳምንት ተበልቶ ያልቃል። ሞተሩን ከውሃ አንሱት።

ጠዋት መውጣት ቀላል ነው። በነፋስ መውጣት ካለባችሁ የነፋሱ ገመድ በመጨረሻ ይፈታል፤ አሳሰሩም ይለወጣል። አንዱን ጫፍ ጀልባዋ ላይ እሰሩ፣ ገመዱን ምሰሶው ዙሪያ አሳልፋችሁ ሌላውን ጫፍ ወደ ጀልባዋ መልሱት። ሞተሩ ተነስቶ፣ ማርሹ መያዙ ተረጋግጦ፣ ረዳቱ አንዱን ጫፍ ይለቅና ሌላውን እየሳበ ገመዱን በሙሉ ያስገባዋል፤ ከጀልባዋ የሚወርድ ሰው የለም። ጫፉ ላይ ቋጠሮ እንዳይኖር አስቀድማችሁ እዩ፤ ቋጠሮው ምሰሶው ላይ ከተያዘ መቁረጥ ብቻ ነው የሚቀረው። ለዚያም ስለታም ቢላዋ በነጂው እጅ አጠገብ፣ በአፎቱ ውስጥ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጥ።